ሐረጎ ላይ መኪናው ሂት ሲያደርግ (ከልክ በላይ ሲግል)፦ መንስኤውን ፈልጎ የማስተካከል ዝርዝር መመሪያ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጡ ሐረጎ ዳገት ላይ ኮፈኑን ከፍቶ ዳር የያዘ መኪና ማየት የተለመደ ነው። አንዱ ውሃ ይጨምራል። ሌላው እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ከራዲያተሩ (ከሞተሩ ውሃ ማቀዝቀዣ) ክዳን ጋር ይታገላል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት በተለይ ክዳን ለሚታገለው ሰው ነው።

ሰው በሁለት ቦታ ይሳሳታል። መንገድ ላይ ይቸኩላል። ጋራዥ ሲገባ ደግሞ ከውዱ ዕቃ ይጀምራል። እኔም አድርጌዋለሁ። ኮሮላዬ ዳገት በወጣች ቁጥር ሂት ታደርግ ነበር። አንድ ጋራዥ ራዲያተር አስቀየረኝ። ሁለተኛው ቴርሞስታቱን (ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን በራዲያተሩ የሚያዞረውን በር) አውጥቶ ጣለው። ሁለቱም አልሠሩም። በመጨረሻ ችግሩ የተገኘው ክዳኑ ላይ ነው። ከሥሩ ያለው ጎሚኒ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ክዳኑ ሲቀየር ነገሩ አለቀ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። ከርካሹና ከቀላሉ ወደ ከባዱ ነው የምንሄደው።

መጀመሪያ ይህን ያዙ

ውሃ በባሕር ወለል ላይ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ነው። ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 91 ወይም 92 ዲግሪ ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል። ሞተራችሁ ደግሞ ጤነኛ ሆኖም ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው የሚሠራው። ታዲያ ውሃው ለምን ሁልጊዜ አይፈላም? ክዳኑ አፍኖ ስለሚይዘው ነው። ግፊት ያለበት ውሃ ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ አይፈላም።

ክዳኑ አየር ካስተነፈሰ ግን ግፊቱ ይጠፋል። ቆላ ላይ ችግሩን ሳያሳይ የከረመ መኪና ደሴ ሲገባ ይፈላል። ክዳንን መጀመሪያ እዩ የምለው ለዚህ ነው።

ዝግጅት፦ መኪናው ውስጥ የማይጠፉ ዕቃዎች

- 5 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጀሪካን
- ወፍራም ፎጣ፣ የሥራ ጓንት
- ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ የእጅ ባትሪ
- ናስትሮ ወይም ሙቀት የሚችል ማሸጊያ
- ሁለት ታኮ፣ የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን
- ሁለት ሦስት ትርፍ ፊውዝ

ውሃውን «ወንዝ አለ» ብላችሁ አትተዉት። የቦርከና ውሃ በክረምት ጭቃ ነው። ግድ ከሆነ በነጠላ አጥልላችሁ ጨምሩ፤ ቤት እንደደረሳችሁ ግን አፍስሳችሁ በንጹሕ ቀይሩት።

ደረጃ 1፦ የሙቀት ጌጁ ቀስት መውጣት ሲጀምር

1. ኤሲ ከበራ አጥፉ።
2. የመኪናውን ማሞቂያ በመጨረሻው ሙቀትና በመጨረሻው ፋን ክፈቱ። መስኮት አውርዱ። ይወብቃል፤ ግን የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ ይስባል።
3. ማርሽ ቀንሱ፣ ነዳጅ አታብዙ። በከባድ ማርሽ ዳገት ማስጨነቅ ሞተሩን የባሰ ያግለዋል።
4. ቀስቱ ካልወረደ ሰፊ ዳር ፈልጋችሁ ቁሙ። መታጠፊያ ላይ አትቁሙ።
5. እንፋሎት ካያችሁ ወይም ቀስቱ ቀዩ ውስጥ ከገባ ሞተሩን ወዲያው አጥፉ። «ትንሽ ብቻ ቀረኝ፣ ደሴ ደረስኩ» ማለት ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ያጣምማል።
6. የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማ ሥር ታኮ ወይም ድንጋይ አድርጉ።

ስትነሱ ድንጋዩን ከመንገዱ ላይ አንሱት። ማታ በጉም ውስጥ የሚመጣው ባለ ሞተር ሳይክል አያየውም። ይህን እባካችሁ አትርሱ።

ተጠንቀቁ፦ ቀስቱ ከላይ ድንገት ዝቅ ቢል ደስ አይበላችሁ። ውሃው ካለቀ ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ውሃ አይነካም፤ ስለዚህ በሐሰት ዝቅ ያለ ያሳያል። የተቃጠለ ሽታ ካለና ቀስቱ ከወረደ ሞተሩን አጥፉ።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ሞተሩን አጥፍታችሁ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል አትንከባለሉ። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑ ከአንድ ሁለት ርግጫ በኋላ ይደርቃል፣ መሪውም ይከብዳል። በዚያ ቁልቁለት ላይ ይህ የሞት መንገድ ነው።

ደረጃ 2፦ ጠብቁ

ይህ ደረጃ ሥራ የለውም። የሚበላሸውም ለዚህ ነው።

አንድ ቀን ሐረጎ ላይ አንድ ሚኒባስ ቆሞ አየሁ። ረዳቱ ወጣት ነው። ሹራቡን በእጁ ጠቅልሎ ክዳኑን ሊያዞር ጎንበስ አለ። ሾፌሩ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። ከወዲያ ጮኹ፦ «ተው ልጄ፣ እጅህን አንሳ! ይሄ የጓዳ ድስት አይደለም፣ ፊትህን ይልጥሃል!» ልጁ ተመለሰ። ተሳፋሪው ወርዶ ጥላ ያዘ። ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆይተው ሾፌሩ ራሳቸው ክዳኑን በፎጣ ትንሽ ሲያላሉት እንኳ ለረጅም ጊዜ ፊሽሽሽ አለ። ያ ሁሉ ግፊት የልጁ ፊት ላይ ሊወጣ ነበር።

ቢያንስ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ወፍራሙን የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ በጨርቅ ጨመቅ አድርጉት። እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ግፊት አለ፤ አትንኩት። እንደ ተነፈሰ ኳስ ከለሰለሰ ቀጥሉ። እስከዚያው አብሽሩ፤ አቦል ካለ ጠጡ።

ደረጃ 3፦ ክዳኑን መክፈትና ውሃ መጨመር

1. ፎጣውን በክዳኑ ላይ አጥፋችሁ ደርቡ። ፊታችሁን ወደ ጎን አዙሩ።
2. ሳትጫኑ ሩብ ዙር ብቻ አዙሩ። መጀመሪያ የሚይዘው ቦታ ላይ ቁሙ። አየሩ ይውጣ።
3. ድምፁ ጨርሶ ሲያቆም ተጭናችሁ አዙሩና አንሱት።
4. ሞተሩ በእጅ ሲነካ ለብ ብቻ ካለ ውሃ ጨምሩ። አሁንም የሚፋጅ ከሆነ ጠብቁ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ቴስታታ ወይም ብሎክ ይሰነጥቃል።
5. ግማሽ ያህል ከሞላ በኋላ ሞተሩን አስነሡ። ሞተሩ እየሠራ ቀስ እያላችሁ ሙሉት።

በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ራዲያተሩ ላይ ክዳን የለም፤ ክዳኑ የፕላስቲክ ማጠራቀሚያው ላይ ነው። እሱም ግፊት አለበት። ጥንቃቄው ያው ነው።

ከተበላሸ፦ ውሃው እንደጨመራችሁት ወደ መሬት ከወረደ ቱቦ ተቀዷል። ቀዳዳው ከቱቦው ጫፍ አጠገብ ከሆነ ማሰሪያውን ፈትታችሁ የተቀደደውን ቁረጡና መልሳችሁ አስገቡት። መሐል ከሆነ አድርቃችሁ በናስትሮ ደጋግማችሁ ጠቅልሉት፤ ክዳኑን እስከ መጀመሪያው መያዣ ብቻ አዙሩት፣ ግፊቱ እንዲቀንስ። በዚህ ሁኔታ እስከ ቅርቡ ጋራዥ ብቻ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ቀስቱን እያያችሁ ሂዱ። ግፊት ስለሌለ ውሃው ቶሎ ይፈላል።

ደረጃ 4፦ መቼ ነው የሚግለው?

አሁን ቤት ናችሁ። ሞተሩ አድሮ ቀዝቅዟል። ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ይህን መልሱ።

*ሲቆም፣ ፒያሳ መጨናነቅ ውስጥ ይግላል፤ ሲሄድ ይወርዳል።* ፋኑ ነው። ደረጃ 6።

*ሜዳ ላይ ደህና ነው፤ ዳገት ላይ ወይም ሰኞ ከባቲ ገበያ ጭኖ ሲመለስ ይግላል።* ውሃ ጎድሏል፣ ክዳኑ ግፊት አይይዝም፣ ወይም ራዲያተሩ ተደፍኗል። ደረጃ 5፣ ከዚያ 8።

*ከተነሣ በ10 ደቂቃ ውስጥ የትም ይግላል።* ቴርሞስታት ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ደረጃ 7።

*ውሃ ይጎድላል፣ መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም።* መጀመሪያ ክዳኑን አረጋግጡ፣ ከዚያ ወደ ደረጃ 9።

ደረጃ 5፦ ክዳኑ

1. በቀዝቃዛ ሞተር ክዳኑን አውጡ።
2. የታችኛውን ጎሚኒ በጥፍራችሁ ጫን አድርጉት። ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ፣ ወይም የጎድጓዳ ምልክት ከያዘ ክዳኑን ቀይሩ።
3. ስፕሪንጉን ተጫኑት። ጠንከር ብሎ መመለስ አለበት።
4. መሐል ላይ ያለችውን ትንሿን ክብ በጥፍር ሳብ አድርጓት። ወጥታ ስትመለስ ጥሩ ነው።
5. ክዳኑ የሚቀመጥበትን የራዲያተር አንገት እዩ። ዝገት ወይም ጨው ካለ በጨርቅ ጥረጉ። አንገቱ ከተጣመመ አዲስ ክዳንም አይዝም።

ክዳኑ ላይ የሚይዘውን ግፊት የሚያሳይ ቁጥር አለ፤ ብዙ ጊዜ 0.9 ወይም 1.1 ነው። አዲሱም ያው ቁጥር ይሁን። «ከፍ ያለው ይሻላል» ብሎ የሚሸጥላችሁን አትስሙ። ያረጀ ራዲያተር ከልክ በላይ ግፊት አይችልም፤ በተለይ እንደ ቪትዝ ያሉት የፕላስቲክ ጫፋቸው ይሰነጠቃል።

ክዳን መበላሸቱን የሚያሳዩ ሁለት ምልክቶች አሉ። ሲቀዘቅዝ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ራዲያተሩ አይመለስም። ወይም ጠዋት ስታዩት የላይኛው ቱቦ ወደ ውስጥ ተጨምቆ ጠፍጥፏል።

ደረጃ 6፦ ፋንና ቺንጋ (ቀበቶ)

ፋኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ሜዳ ላይ ሞተሩን አስነሥታችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተዉት። ቀስቱ መሐል ላይ ወይም ትንሽ ከፍ ሲል ፋኑ መነሣት አለበት። ካልተነሣ ኤሲ አብሩ። በብዙ መኪኖች ኤሲ ሲበራ ፋኑም ይዞራል። በኤሲ ዞሮ በሙቀት ካልዞረ የፋኑ ሞተር ደህና ናት፤ ጥፋቱ የሴንሰሩ ወይም የሽቦው ነው። በኤሲም ካልዞረ መጀመሪያ ፊውዙን፣ ቀጥሎ ሪሌውን (ለፋኑ ኤሌክትሪክ የሚከፍትለትን ማብሪያ) እዩ። ብዙ ጊዜ የክላክሱ ሪሌ ተመሳሳይ ነው፤ ቁጥሩ አንድ ከሆነ አቀያይራችሁ ሞክሩ።

ተጠንቀቁ፦ የኤሌክትሪክ ፋን የመኪናው ሞተር ከጠፋ በኋላም ብድግ ሊል ይችላል። እጅ፣ ነጠላ፣ ሻሽ አታስጠጉ።

እንደ ሀይሉክስና እንደ ድሮ ሚኒባሶች በቺንጋ የሚዞር ፋን ከሆነ ሞተሩን አጥፍታችሁ በእጅ አዙሩት። ትንሽ መክበድ አለበት። ለቆ ብዙ ዙር ከዞረ የፋኑ ክላች ሞቷል። ቺንጋው ራሱ ረጅሙ ቦታ ላይ በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲሜትር ያህል ይግባ። ጠርዙ ከተሰነጣጠቀ ቀይሩት፤ ማጥበቅ መፍትሔ አይደለም።

ደረጃ 7፦ ቴርሞስታት

ሞተሩ ሲግል የራዲያተሩን የታችኛውን ቱቦ በጥንቃቄ ከላይ በጨርቅ ንኩ። ቀስቱ ወጥቶ የታችኛው ቱቦ ከቀዘቀዘ ውሃው እየዞረ አይደለም። ተጠርጣሪዎቹ ቴርሞስታት፣ የተደፈነ ራዲያተር ወይም ፓምፕ ናቸው። ለመመርመር የሚቀለው ቴርሞስታቱ ነው።

1. ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ከራዲያተሩ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍታችሁ ውሃውን በባልዲ ያዙ።
2. ቴርሞስታቱ የተቀመጠበትን ክዳን ሁለት ወይም ሦስት ዳዶ ወይም ቡሎን ይይዘዋል። ፍቱና አውጡት። የትኛው ወገን ወደ ሞተር እንደነበር ፎቶ አንሱ።
3. ላዩ ላይ የተጻፈውን ዲግሪ አንብቡ። 82 ወይም 88 የሚል ታገኛላችሁ።
4. ድስት ውስጥ ውሃ አፍሉ። ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥሉ፤ የድስቱን ሥር አይንካ።
5. ባለ 82 ከሆነ ውሃው ሳይንተከተክ በፊት መከፈት ይጀምራል።

እዚህ ላይ ደሴ የሚያሳስት ነገር አላት። ቴርሞስታት ጨርሶ የሚከፈተው መከፈት ከሚጀምርበት ዲግሪ ከ10 እስከ 15 ከፍ ብሎ ነው። የደሴ ድስት ግን ከ92 አያልፍም። ስለዚህ ግማሽ ድረስ ብቻ ተከፍቶ ብታዩት ደህና ሊሆን ይችላል። ባለ 88 ደግሞ ብዙም ሳይነቃነቅ ሊቀር ይችላል። ጥርጣሬ ካላችሁ ከአዲስ ጋር በአንድ ድስት አንጠልጥላችሁ አወዳድሩ። ምንም ያልተከፈተ ባለ 82 ካለ እሱ አብቅቶለታል።

ሲገባ ስፕሪንጉ ያለበት ወገን ወደ ሞተር ይሁን። ትንሿ የአየር ቀዳዳ ወደ ላይ ትሁን። አዲስ ጎሚኒ ተጠቀሙ። ዳዶዎቹን በየተራ ጥቂት ጥቂት አጥብቁ፤ የአሉሚኒየም ክር ቶሎ ይበላሻል።

ቴርሞስታት አውጥቶ መንዳትን በጽኑ እቃወማለሁ። በጠዋት ብርድ ሞተሩ አይሞቅም፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱም ቶሎ ይቆሽሻል። በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ በአጭሩ ዞሮ ስለሚመለስ ዳገት ላይ ጭራሽ ይግላል።

ደረጃ 8፦ ራዲያተርና የውሃ ፓምፕ

በመጀመሪያ ከፊት ለፊት እዩ። ጭቃ፣ ነፍሳት፣ በመኸር ወራት ደግሞ እብቅ በራዲያተሩ ቀጫጭን ክንፎች መሐል ይገባል። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በቀላል ውሃ እጠቡት። የመኪና ማጠቢያ ጠንካራ ውሃ ክንፉን ያጣጥፈዋል፤ አጣቢውን አስጠንቅቁት።

ውስጡን ለማወቅ ክዳኑን ከፍታችሁ በባትሪ ተመልከቱ። ቡናማ ዝቃጭ ካለ አፍስሱ፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት እስኪጠራ ድረስ። የራዲያተሩ አንዱ ጎን ትኩስ፣ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ቱቦዎቹ ተደፍነው ሊሆን ይችላል። ራዲያተር ሠሪ ጋ ውሰዱት።

ፓምፑ ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ አለችው። ከዚያ የሚንጠባጠብ ከሆነ ወይም ሲሽከረከር የሚያጉረመርም ከሆነ ይቀየር። በብዙ መኪኖች ፓምፑን የሚያዞረው የታይሚንግ ቺንጋ ነው። ያን በመኖሪያ ግቢ አትክፈቱ፤ ጥርሱ ከተዛባ ቫልቭ ሊታጠፍ ይችላል።

ደረጃ 9፦ የቴስታታ ጋስኬት

በቴስታታውና በብሎኩ መሐል ያለው ማሸጊያ ነው፤ መካኒኮቹ ጓርኒሲዮን ይሉታል። የሚከተሉትን ከቀዝቃዛ ሞተር ጀምራችሁ እዩ፦

- ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ሲነሣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ይወጣል።
- ከተነሣ በአንድ ሁለት ደቂቃ፣ ገና ሳይሞቅ፣ የላይኛው ቱቦ ይጠነክራል።
- ከሞቀም በኋላ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ነጭ ጭስ ይወጣል።
- የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ማኪያቶ መስሏል።

በአንድ ምልክት አትፍረዱ። በደሴ ብርድ አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና የዘይት መሙያ ክዳኑ ሥር ነጭ ቅባት ይይዛል። ያ እርጥበት ነው። ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ከሆነ አትደንግጡ። ሁለት ወይም ሦስት ምልክት አብሮ ከታየ ግን መኪናውን አቁሙት። ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ቤት ሄዶ ቀጥ ማለቱ መለካት አለበት። ሳይለካ አዲስ ጋስኬት ብቻ ተደርጎ ቢመለስ በወሩ እንደገና ሊበላሽ ይችላል። ይህን ከመካኒኩ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ደረጃ 10፦ መሙላትና አየር ማስወጣት

ጥገናው ተሳክቶ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ነው። ውስጡ የቀረ አየር ሞተሩን አዲስ እንደተበላሸ ያስመስለዋል።

1. መኪናውን አፍንጫው ወደ ላይ እንዲሆን ዳገት ላይ አቁሙ። ደሴ ውስጥ ይህ አይቸግርም። ታኮ አድርጉ።
2. ማሞቂያውን ሙሉ በሙሉ ክፈቱ።
3. ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ ንጹሕ ውሃ ቀላቅላችሁ ቀስ እያላችሁ ሙሉ። ኩላንት ዝገት ይከላከላል፣ የመፍላት ነጥቡንም ከፍ ያደርጋል። ተቀላቅሎ የሚሸጥም ስላለ ጠርሙሱን አንብቡ።
4. ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሞተሩን አስነሡ። የላይኛውን ቱቦ ጨመቅ ለቀቅ አድርጉ። አረፋ ሲወጣ ውሃው ይወርዳል፤ ሙሉት።
5. ቱቦው ሲሞቅና አረፋው ሲያቆም ክዳኑን ዝጉ። ፋኑ እስኪነሣ ድረስ ክፍት አድርጋችሁ አትጠብቁ። በኛ ከፍታ ፋኑ ሳይነሣ ውሃው ፈልቶ ሊገነፍል ይችላል።
6. ክዳኑ ተዘግቶ ፋኑ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ እስኪጠፋ ጠብቁ።

ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ከሰጠ አሁንም አየር አለ። አቀዝቅዛችሁ ከ1 ጀምሩ።

ያፈሰሳችሁትን አሮጌ ኩላንት ቦይ ውስጥ አትድፉ። ጣፋጭ ነው፣ መርዝም ነው። ውሻና ሕፃን ይቀምሰዋል።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ እዩ። የጎደለውን ሙሉና ማጠራቀሚያው ላይ የውሃውን ልክ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ለሦስት ቀን ከተማ ውስጥ ብቻ ንዱ፤ በየጠዋቱ ምልክቱን እዩ። ካልወረደ ሳትጭኑ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ሐረጎን ውጡ። ምልክቱ ከወረደና መሬቱ ደረቅ ከሆነ ወደ ደረጃ 9 ተመለሱ።